አልጠፋ ያለ የጣሪያ ቬንትሌተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አልነሳ ያለ ቬንትሌተር ያናድዳል እንጂ አያስጨንቅም። አልጠፋ ያለው ግን ሌላ ነው። ሰው ሪሞቱን ደጋግሞ ይጫናል፣ ሰንሰለቱን ይጎትታል፣ የግድግዳውን ስዊች ከፍ ዝቅ ያደርጋል። እሱ እቴ! መዞሩን ይቀጥላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። በዚህ ችግር ሞተሩ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ሞተር ኤሌክትሪክ ሲመጣለት ይዞራል፣ ሲቋረጥበት ይቆማል። አልቆም ካለ፣ የሆነ ቦታ ላይ ማቋረጥ የነበረበት ዕቃ አላቋረጠም ማለት ነው። ከታች ያሉት መልሶች ባብዛኛው ያንን ዕቃ ፍለጋ ናቸው።

አሁን እየዞረ ነው፤ በምንም አልጠፋ አለኝ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ወደ ብሬከር ሳጥኑ ሂዱና የዚያን ክፍል ብሬከር አውርዱ። የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈበት አንድ በአንድ እያወረዳችሁ ሞክሩ። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሆኖ “ቆመ!” ብሎ ቢጣራላችሁ ሥራው ይቀላል። ግራ ከገባችሁ ዋናውን አውርዱት። ቤቱ ለጥቂት ደቂቃ ቢጨልም ምንም አይደል።

ክንፎቹን በእጅ ወይም በመጥረጊያ እንጨት ለማስቆም አትሞክሩ። ኃይሉ ከተቋረጠ በራሳቸው ጊዜ ይቆማሉ። በግድ ሲያዙ ክንፉ ይጣመማል፣ ማያያዣው ይላላል፤ ከዚያ በኋላ ቬንትሌተሩ እየተንገዳገደ የሚዞር ይሆናል። እጅ ላይ የሚደርሰውንማ መናገርም አያስፈልግ።

ቀጥሎ አሽትቱ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ፣ የስዊቹ ፊት ከሞቀ፣ ጠርዙ ከጠቆረ ወይም ቀድሞ ከውስጡ የመንጣጣት ድምፅ ይሰማ ከነበረ፣ ብሬከሩን እንደወረደ ተዉትና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። የማይጠፋ ዕቃ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለ ብረት ግሎ ከሌላው ብረት ጋር ስለተጣበቀ ነው የማይጠፋው። ብረት የሚያጣብቅ ሙቀት ደግሞ ከእንጨትና ከፕላስቲክ አጠገብ ምንም ሥራ የለውም።

ብሬከሩን አውርጄም ይዞራል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መጀመሪያ ታገሱት። ከባድ ክንፍና ጥሩ ኩሽኔታ ያለው ቬንትሌተር በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ቆይቶ ኃይል ሲቋረጥበት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ደቂቃ ያህል ይንከባለላል። ፍጥነቱ እየቀነሰ ከሆነ በቃ፣ ጠፍቷል።

ካልቀነሰ ያወረዳችሁት ብሬከር የእሱ አይደለም። አንዳንድ ቤት ውስጥ አምፖሉና ቬንትሌተሩ ከተለያየ መስመር ነው የሚመጡት። አምፖሉ ስለጠፋ ብቻ “ኤሌክትሪክ የለም” ብሎ ሽፋኑን መክፈት ሰው የሚመታበት መንገድ ነው። እንዲህ ካጋጠማችሁ ዋናውን አውርዱ፤ የሁለቱን መስመር ነገር ለኤሌክትሪሺያን ንገሩት።

ጥፋቱ የቱ ጋ እንዳለ እንዴት ልለይ?

አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ፦ ድሮ ይጠፋ ነበር? ወይስ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ በዚህ ስዊች ጠፍቶ አያውቅም? ድሮ ይጠፋ ከነበረ የተበላሸ ዕቃ አለ። መቼም ጠፍቶ የማያውቅ ከሆነ ግን ዕቃው ሁሉ ደህና ሊሆን ይችላል፤ የተሳሳተው አገጣጠሙ ነው። ይህን ሳይለዩ ስዊች የሚቀያይሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከዚያ ወደ ፍተሻው እንሂድ። ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ እስኪደርስ እንደ መንገደኛ በየኬላው ያልፋል። መጀመሪያ ብሬከሩ አለ። ቀጥሎ የግድግዳው ስዊች ወይም የፍጥነት ሬጉሌተር። ሪሞት ያለው ከሆነ ደግሞ ጣሪያው ሥር፣ ቆብ በሚመስለው ሽፋን ውስጥ የተደበቀ፣ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበል ሪሲቨር አለ። መጨረሻ ላይ ከቬንትሌተሩ ሆድ ሰንሰለቱ የሚንጠለጠልበት ስዊች ይመጣል። ሁሉም ቤት ሁሉም አይኖሩም። ያሉት ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሊያስቆሙት ይገባል።

ስለዚህ አንዱን ብቻ አጥፉ፣ ሌሎቹን እንደበሩ ተዉ፣ ተመልከቱ። ያንን መልሳችሁ አብሩና ወደሚቀጥለው እለፉ። ሪሞቱ አላስቆመውም፣ የግድግዳው ስዊች ግን አስቆመው? ጥፋቱ ከሪሞቱና ከሪሲቨሩ አይወጣም። የግድግዳው ስዊች አላስቆመውም፣ ሰንሰለቱ ግን አስቆመው? ወደ ግድግዳው ሂዱ። ሁለት ዕቃ በአንድ ጊዜ ከነካካችሁ ግን የቱ እንዳስቆመው ማወቅ አይቻልም፤ ፍተሻው ከንቱ ይሆናል።

ሪሞቱን ከሪሲቨሩ ለመለየት የሪሞቱን ባትሪ አውጡት። ከዚያ የግድግዳውን ስዊች አጥፉ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ መልሳችሁ አብሩ። ባትሪ የሌለው ሪሞት ማንንም ማዘዝ አይችልም። ቬንትሌተሩ ያኔም ራሱ ከተነሳ ጥርጣሬው ሪሲቨሩ ላይ ያርፋል። አንዳንድ ሞዴል ግን ኃይል ሲመለስ ድሮ በነበረበት እንዲቀጥል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ባትሪውን መልሳችሁ የማጥፊያውን ቁልፍ ሞክሩት፤ ያኔ የሚታዘዝ ከሆነ የጠፋ ነገር የለም።

ሪሞቱን ስጫን አምፖሉ ይታዘዛል፤ ቬንትሌተሩ ግን አይጠፋም። ምንድን ነው?

ይህ ደግ ምልክት ነው፤ ብዙ ነገር ከጥርጣሬ ያወጣልናል። አምፖሉ ከታዘዘ ባትሪው ደህና ነው፣ ሪሞቱ ይልካል፣ ሪሲቨሩም ይሰማል። ምናልባት የቬንትሌተሩ ቁልፍ ብቻ ደክሞ ከሆነ እሱን ጠበቅ አድርጋችሁ ሞክሩት። ካልሆነ የተበላሸው በሪሲቨሩ ውስጥ የቬንትሌተሩን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋው ክፍል ነው።

ሪሲቨሩ የሳሙና ቁራጭ የምታህል የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ውስጧ አነስ አነስ ያሉ ኩብ መሰል ሪሌዎች አሉ። ማጥፊያውን ስትጫኑ “ጠቅ” የሚለው የእነሱ ድምፅ ነው። እያንዳንዱ ሪሌ ውስጥ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ሁለት የብረት ነጥቦች ይጋጠማሉ፣ ይለያያሉ። በተለያዩ ቁጥር ትንሽ የእሳት ፍንጣሪ ይዘላል። ከዓመታት በኋላ ፊታቸው ይቆረቁራል፣ ይጠቁራል፣ አንድ ቀን ደግሞ ፍንጣሪው ራሱ ይበይዳቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሪሲቨሩ “ተለያዩ” ቢላቸውም አይለያዩም።

ሪሌ ተጣብቆ ከሆነ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ማጥፊያውን ስትጫኑ ሁልጊዜ በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ይቀራል። መካከለኛው ከተጣበቀ በመካከለኛው፣ ዝቅተኛው ከተጣበቀ በዝቅተኛው። በሪሌ ፋንታ ትራያክ የሚባለውን ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ የሚጠቀሙ ሪሲቨሮችም አሉ። ትራያክ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ እንደተዘጋ ነው የሚቀረው። ያኔ የትኛውንም ቁልፍ ብትጫኑ ቬንትሌተሩ በሙሉ ፍጥነት ይነጉዳል።

ሪሲቨሩን በካቻቢቴ እጀታ ኮርኮም ቢያደርጉት የተጣበቀው ሪሌ ሊለቅ ይችላል። ይህ ምርመራ ነው እንጂ ጥገና አይደለም፤ የተበየደ ነጥብ መልሶ ይበየዳል። መፍትሔው ሪሲቨሩን መቀየር ነው። ባብዛኛው ከሪሞቱ ጋር በአንድ ላይ ነው የሚሸጠው።

ሪሞቱ ጭራሽ ምላሽ የለውም። እሱስ?

ባትሪ። ስትጫኑት የምትበራዋ ትንሽ መብራት ደብዛዛ ከሆነች ወይም ከናካቴው ካልበራች ቀይሩት። የባትሪው መቀመጫ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ አጽዱት። ቁልፎቹ ውስጥ የተቀረቀረ ካለም ነካ ነካ አድርጋችሁ አስለቅቁት። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከቀረ ሪሞቱ ያለማቋረጥ ያንኑ ትእዛዝ እየላከ ሌላውን አያሰማም፤ ባትሪውንም ይጨርሳል።

አዲስ ባትሪም ካልረዳ ሪሞቱና ሪሲቨሩ ተረሳስተው ይሆናል። የግድግዳውን ስዊች ግማሽ ደቂቃ አጥፍታችሁ አብሩ። ከዚያ ወዲያው በመመሪያው ላይ እንደተጻፈው የማስተዋወቂያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። ብዙዎቹ ሪሲቨሮች አዲስ ሪሞት የሚቀበሉት ኃይል ካገኙ በኋላ ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። እሷ ካለፈች ስዊቹን ከማጥፋት እንደገና ይጀመራል።

ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሳል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይብሳል። የተለከፈ ነው እንዴ?

አይደለም። ጎረቤት ነው።

ቀልድ አይደለም። አብዛኛው የቬንትሌተር ሪሞት የሚሠራው በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ግድግዳ አይበግረውም። ቀደም ያሉት ሞዴሎች ሪሞቱንና ሪሲቨሩን የሚያጣምሩት በ4 ትንንሽ ማንሸራተቻዎች ነው። እያንዳንዷ ወይ ላይ ወይ ታች ትሆናለች፤ በጠቅላላው 16 ዓይነት አቀማመጥ ብቻ ነው የሚገኘው። ገጣሚው ደግሞ ከፋብሪካ እንደመጡ ይተዋቸዋል። ስለዚህ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰው ተመሳሳይ ዕቃ ካለው የእሱን ሲያበራ የእናንተን ያበራል። እናንተ ስታጠፉትም የሱን ታጠፉበታላችሁ። እሱም በበኩሉ የሚያማርርበት ቦታ ይፈልጋል።

መላው ቀላል ነው። ብሬከሩን አውርዱ፣ የሪሞቱን የባትሪ ክዳን ክፈቱ፣ ማንሸራተቻዎቹን ቀያይሩ። ሪሲቨሩ ላይ ያሉትንም ልክ እንደዚያው አድርጉ። ሁለቱ አንድ ካልሆኑ አይግባቡም። ማንሸራተቻ የሌላቸው አዳዲሶቹ ሪሞቶች በማስተዋወቂያ ቁልፍ አዲስ ኮድ ይይዛሉ።

ጎረቤት ከሌላችሁ ሌላ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ የሚነሳ እንደሆነ ነው፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን የሪሲቨሩ ጠባይ ነው። ሁለተኛው ስማርት ስዊች ወይም በስልክ የሚታዘዝ ቬንትሌተር ከሆነ አፑ ውስጥ የተረሳ የሰዓት ፕሮግራም መኖሩ ነው። የቀድሞ ተከራይ ስልክ አሁንም ከዕቃው ጋር የተገናኘ ሊሆንም ይችላል። ዕቃውን ወደ ፋብሪካ አቀማመጡ መልሱና በራሳችሁ ስልክ እንደ አዲስ አስገቡት።

ሰንሰለቱን ስጎትተው ፍጥነቱ ይቀያየራል እንጂ አይጠፋም። አንዳንዴም ምንም አይለውጥም።

የሰንሰለቱ ስዊች አርጅቷል። ባለ ሦስት ፍጥነት ከሆነ በእያንዳንዱ ጉተታ አንድ እርምጃ ይሄዳል፦ ጠፍቷል፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ ተመልሶ ጠፍቷል። ውስጡ በስፕሪንግ የሚመለስ ጥርስ ያለው ፕላስቲክ አለ፤ እሱ እየዞረ የነሐስ ምላሶችን ያገናኛል፣ ይለያል። ስፕሪንጉ ሲደክም ጥርሱ ይዘላል። ምላሶቹ ሲግሉ ደግሞ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ባለበት ይደርቃል። በሁለቱም ሰንሰለቱ ይጎተታል፣ “ቀጭ” ይላል፣ ውስጥ ግን ምንም አይፈጠርም። “ቀጭ” የማይል፣ ልል ሆኖ የሚመጣ ሰንሰለት ከሆነማ ጥያቄም የለው።

ሰንሰለቱ ከሥሩ ተበጥሶ ከሆነ ስዊቹ ራሱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ብሬከሩን አውርዳችሁ የታችኛውን ሽፋን ስትፈቱት ብዙ ጊዜ ጥቂት የሰንሰለት ፍሬዎች ብቅ ብለው ታገኛላችሁ። እነሱን በፒንሳ ይዛችሁ ብትጎትቱ ይሠራል። ከዚያ ማያያዣ ፈልጎ ሰንሰለቱን መቀጠል ነው።

ስዊቹን ለመቀየር ከወሰናችሁ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ የሽቦዎቹ ቀለምና የገቡባቸው ቀዳዳዎች ላይ ያሉት ፊደልና ቁጥሮች እስኪነበቡ ድረስ ነው። ኤል፣ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ የተጻፈባቸው ብዙ ናቸው፤ ኤል የሚመጣው ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) ነው፣ ቁጥሮቹ ወደ ፍጥነቶቹ ይሄዳሉ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አንድ ዓይነቱን ግዙ። በመልክ ተመሳስለው በውስጥ አገናኛቸው የሚለያዩ ስዊቾች አሉ። የተሳሳተው ከተገጠመ ዝቅተኛ ባላችሁበት ከፍተኛ ይሆናል፣ ወይም አንዱ ፍጥነት ይጠፋል።

የግድግዳው ስዊች አያጠፋውም። ስዊቹ ነው ወይስ ሽቦው?

ድሮ ያጠፋ ከነበረ ስዊቹ ነው። ስታንቀሳቅሱት “ጠቅ” አይልም፣ ለስልሷል፣ ወይም መሃል ላይ ይቆማል። ውስጡ ያሉት የብረት ነጥቦች ልክ እንደ ሪሌው ተጣብቀዋል። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ማረጋገጥ ይቻላል፦ ብሬከሩ ወርዶ፣ ሽቦዎቹ ከስዊቹ ተነቅለው፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከላከለውን መጠን) ለኩ። ሲበራ ወደ ዜሮ የተጠጋ፣ ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ ያልተገናኘ መሆኑን ማሳየት አለበት። በሁለቱም ዜሮ ካለ ጥሉት። የስዊች ዋጋ ለጥገና የሚያስደክም አይደለም።

መቼም አጥፍቶ የማያውቅ ከሆነ ግን አዲስ ስዊች አትግዙ። ጣሪያው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ፌዝ ይወርዳል፤ አንዱ በስዊቹ አልፎ የሚመጣ፣ ሌላው በቀጥታ ከብሬከሩ የሚመጣና ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት። ገጣሚው ቬንትሌተሩን በቀጥተኛው ላይ ካሰረው ስዊቹ ምንም የሚያቋርጠው ነገር የለም። አንዳንዴ ስዊቹ አምፖሉን ብቻ የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሆን ተብሎም ሊሆን ይችላል፤ ቬንትሌተሩ በሰንሰለት፣ አምፖሉ በስዊች እንዲታዘዝ ተብሎ።

ከሁለት ቦታ በሚጠፉ ስዊቾች፣ ለምሳሌ በሁለት በር ባለው ክፍል ውስጥ፣ የጋራው ሽቦ በተሳሳተ ብሎን ላይ ከታሰረ አንዱ ስዊች የሚሠራው ሌላው በተወሰነ አቀማመጥ ላይ ሲሆን ብቻ ይሆናል። ሁለቱንም ስዊቾች እያፈራረቃችሁ ሞክሩ፤ የአንዱ ሥራ በሌላው አቀማመጥ የሚወሰን ከሆነ ወደዚያ ጠርጥሩ።

የከፋው ስህተት ሌላ ነው። ስዊቹ ማቋረጥ ያለበት ፌዙን ነው። ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) የሚያቋርጥ ከሆነ ቬንትሌተሩ ይቆማል፤ ጠፋ ብላችሁ ትተማመናላችሁ፤ ሽቦው ላይ ግን ኤሌክትሪኩ እንዳለ ነው። በዚህ አገጣጠም ከሞተሩ በኋላ ያለው ሽቦ ሽፋኑ ተልጦ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወስድ የደህንነት ሽቦ) ያለውን ብረት ከነካ ደግሞ ስዊቹ ጠፍቶም ቬንትሌተሩ ሊዞር ይችላል፤ ኤሌክትሪኩ በስዊቹ ፋንታ በግራውንዱ ይመለሳላ። ይህን የጠረጠረ ሰው ራሱ ባይነካካው ይሻላል።

የሚዞር ቁልፍ ያለው ሬጉሌተር ነው ያለኝ። ዜሮ ላይ ባደርገውም ቀስ እያለ ይዞራል።

ጥሩ ሬጉሌተር ዜሮ ላይ ሲደርስ “ቀጭ” ብሎ ሙሉ በሙሉ ያቋርጣል። ያ ድምፅ ከጠፋ ማቋረጫው አልቋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከመጀመሪያውም ማቋረጫ የላቸውም፤ ፍጥነት ብቻ ነው የሚቀንሱት፣ ለማጥፋት ጎናቸው ያለውን ስዊች መጠቀም ይጠበቃል። ከሙሉ ፍጥነት በቀር ሌላ የማያውቅ ከሆነ ውስጡ ያለው ትራያክ ተቃጥሏል።

የአምፖል ማደብዘዣን በቬንትሌተር ሬጉሌተርነት መግጠም የተለመደ ጥፋት ነው። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል፣ ማደብዘዣውም ዕድሜ አይኖረውም። ሪሞት ያለውን ቬንትሌተር ከግድግዳ ሬጉሌተር ጋር ማጣመርም አይሆንም። ሪሲቨሩ ሙሉ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ የተቀነሰ ሲመጣለት ያልታዘዘውን ያደርጋል። ወይ ሪሞቱን ወይ ሬጉሌተሩን ምረጡ።

ሠራተኛ ጠርቼ “ካፓሲተሩ ነው” አለኝ። እውነት ይሆን?

ለማይጠፋ ቬንትሌተር? አይመስለኝም። ካፓሲተር፣ ማለትም ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳው ኃይል አጠራቃሚ ዕቃ፣ ሲደክም ቬንትሌተሩ አልነሳ ይላል፣ እያጉረመረመ ይቆማል፣ በእጅ ሲገፉት ብቻ ይነሳል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። ፍጥነት በካፓሲተር በሚቀያየርባቸው ሞዴሎች አንዱ ፍጥነት ብቻ ሊቀር ይችላል፤ እሱ ነው ሰውን የሚያሳስተው። “ማጥፋት” ግን የካፓሲተር ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ የግድግዳውንና የሰንሰለቱን ስዊች ለክቶ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁት።

ቬንትሌተሩ ይጠፋል፤ አምፖሉ ግን ደብዘዝ ብሎ እንደበራ ያድራል። ይህም ያው ችግር ነው?

አይደለም፤ ይህ ቀለል ይላል። ኤል ኢ ዲ አምፖል በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበቃዋል። ስዊቹ ላይ በጨለማ የምትታይ ትንሽ መብራት ካለች በእሷ በኩል የሚሾልከው ጭላፊ አምፖሉን ደብዘዝ አድርጎ ያበራዋል። ጎን ለጎን በተዘረጉ ረጃጅም ሽቦዎች መካከልም እንዲህ ያለ መሹለክ አለ። መብራት የሌለበት ስዊች ወይም ሌላ ዓይነት አምፖል ሞክሩ። ይህ ጭላፊ ሞተር የማዞር አቅም የለውም፤ ስለዚህ ቬንትሌተሩም ቀስ እያለ የሚዞር ከሆነ መስኮቱን ዝጉና ተመልከቱ። ነፋስ የሚያዞረው ብዙ ነው።

እስኪሠራ ድረስ ሲዞር ቢያድር ምን ይጎዳል?

ሞተሩን ብዙም አይጎዳውም፤ ለረጅም ሰዓት እንዲዞር ነው የተሠራው። ሂሳቡም ያን ያህል አያስደነግጥም። 75 ዋት የሚወስድ ተራ ቬንትሌተር ቀንና ሌሊት ሲዞር በ24 ሰዓት 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በ30 ቀን 54 ይደርሳል። ባለ ዲሲ ሞተሩ (አቅጣጫው በማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ የሚሠራው) የዚህን ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

የሚያሳስበው የተጣበቀው ቦታ ነው። እሱ እየሞቀ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ደግሞ አታዩትም። ስለዚህ እየዞረ ጥላችሁት አትውጡ፣ አትተኙም። ብሬከሩን እንደ ስዊች ተጠቅሞ ለጥቂት ቀን መገላገል ይቻላል፤ ለወራት ግን አይሆንም። ብሬከር በየቀኑ ከፍ ዝቅ እንዲደረግ አይደለም የተሠራው።

ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?

በምትኖሩበት ቦታ ሕጉ ለባለሙያ ብቻ የሚተወው ከሆነ መልሱ አጭር ነው። የሚፈቀድ ከሆነ የግድግዳ ስዊችና የሰንሰለት ስዊች ቀለል ያሉ ናቸው። ሪሲቨር ጠበቅ ይላል፤ መሰላል ላይ ቆሞ፣ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ጠባብ ሽፋን ውስጥ ሽቦ ማጣጠፍ ነው።

የትኛውንም ብትሠሩ ብሬከሩን አውርዳችሁ ማንም እንዳያነሳው ፕላስተር ለጥፉበት። ከዚያ ቴስተሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለ በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩት፤ መሥራቱን አረጋግጡ። ቀጥሎ የምትሠሩበትን ሽቦ ሁሉ ፈትሹ። ጨርሳችሁ ወደ ሶኬቱ ተመለሱና ቴስተሩን ደግማችሁ ሞክሩት። ባትሪው መሃል ላይ የሞተ ቴስተር “ሰላም ነው” ይላል። ካፓሲተሩ ብሬከሩ ወርዶም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ጫፎቹን አትንኩ። ቀለምንም አትመኑ፤ ፌዝ በአንዱ አገር ቡናማ፣ በሌላው ጥቁር፣ በድሮው ቤት ቀይ ነው። የሚታመነው ቴስተሩ ነው።

ሽቦው አልሙኒየም ከሆነ፣ ሽፋኑ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ፣ ወይም ሳጥኑ ውስጥ ከጠበቃችሁት በላይ ሽቦ ካገኛችሁ ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙና ሰው ጥሩ።

ሪሞት ሰለቸኝ። ሪሲቨሩን አውጥቼ በቀጥታ ከግድግዳው ስዊች ጋር ባገናኘውስ?

ተራው የኤሲ ሞተር (ከግድግዳ በሚመጣው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚሠራው) ያለው ከሆነ ይቻላል። የግድግዳውን ፌዝ ከቬንትሌተሩ ፌዝ፣ ኒውትራሉን ከኒውትራሉ፣ ግራውንዱን ከግራውንዱ ማገናኘት ነው። ሰንሰለት ካለው ፍጥነቱን በእሱ ትመርጣላችሁ። ሰንሰለት ከሌለው አንድ ፍጥነት ብቻ ይቀራል፣ ወይም ለሞተር የተሠራ ሬጉሌተር ግድግዳው ላይ ይገጠማል። ካፓሲተሩ ሪሲቨሩ ውስጥ የሆነ ሞዴል ከሆነ ግን ሪሲቨሩ ሲወጣ ሞተሩ አይነሳም፤ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን እዩ።

የዲሲ ሞተር ከሆነ አይሞከርም። ያ ሳጥን ከግድግዳ የሚመጣውን ኃይል ለሞተሩ በሚሆነው መልክ የሚቀይረው ራሱ ነው። እሱን አውጥቶ ሞተሩን በቀጥታ ከግድግዳ ጋር ማገናኘት ሞተሩን ማቃጠል ነው። የዲሲው ሳጥን ሲበላሽ የዚያኑ ሞዴል መግዛት ግድ ነው፤ ለመግዛት ስትሄዱም የቬንትሌተሩን የሞዴል ቁጥር ያዙ። ሞተሩ ላይ ከላይ በኩል፣ ወይም በሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል በተለጠፈ ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ።